በክረምት ደመና ሥር የሶላር ውሃ ማሞቂያ ያዋጣል ወይ? ከሽሮ ሜዳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቤታችን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው። አምስት ቤተሰብ ነን። የመብራት ሒሳብ እየጨመረ ስለመጣ ቦይለራችንን አንሥተን በምትኩ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ለማስገጠም አስበናል። ነገር ግን ጎረቤታችን አምና አስገጥሞ ሐምሌንና ነሐሴን በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ከረመ። ሀምቡርግ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ የዚያ አገር ደመና ከእኛ የባሰ ሆኖ ሳለ ሰዉ ጣሪያው ላይ እንደሚያስገጥም ይነግረናል። የትኛውን እንመን?»

ጎረቤትዎም ወንድምዎም ያዩትን ነው የተናገሩት። እኔ ላለፉት ዓመታት ኑሮዬን የመሠረትኩት እነዚህን ማሞቂያዎች በመግጠምና፣ ከዚያም በበለጠ ሌላ ሰው የገጠማቸውን በመጠገን ስለሆነ፣ መልሴን አላንጠለጥልም። በአዲስ አበባ ለአምስት ሰው ቤት ያዋጣል፤ ሐምሌም ላይ ቢሆን አብዛኛውን የማሞቅ ሥራ ይሠራል። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በደመናው ምክንያት ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፦ ፍሬሙ በሚቆምበት ዘንበልታ፣ ውሃው በሚቋረጥበት ቀን፣ እና ለደመናማ ቀን የሚረዳው ኤሌክትሪክ በሚበራበት ሰዓት። ቦይለሩን ማንሣት የሚለውን ሐሳብ ግን ከወዲሁ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱን ወደታች እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ደመናው። በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በቀን በአማካይ ከ9 ሰዓት በላይ ትታያለች፤ በሐምሌ ግን ከ4 ሰዓት በታች ነው። ይህን ብቻ የሚመለከት ሰው የማሞቂያው ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል ብሎ ይደመድማል። ሆኖም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፈውን ጠቅላላ ጉልበት ስንለካ፣ በበጋው ወራት 6 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ የነበረው በሐምሌና በነሐሴ ወደ 4 ወይም 4.5 ነው የሚወርደው። የሚጎድለው ሲሶ ያህል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ደመና ብርሃንን በከፊል የሚመልስና በከፊል የሚበትን እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ባለመሆኑ ነው፤ የተበተነው ብርሃን ጥላ ባይጥልም ከመላው ሰማይ ወደ ጣሪያችን ይወርዳል። በሐምሌ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው አለመኖሩ ሊያሳስተን አይገባም። በርበሬ ለመድረቅ ከብርሃኑ በተጨማሪ ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ በመስታወት ውስጥ የታሸገ ውሃ ግን የአየሩ እርጥበት አይመለከተውም።

ከሀምቡርግ ጋር ማነጻጸሩም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሀምቡርግ በዓመት በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሲያገኝ አዲስ አበባ ወደ 2,000 ያገኛል። የሀምቡርግ ክፉ ወር ዲሴምበር ሲሆን የቀኑ ጉልበት ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፤ የእኛ ክፉ ወር ሐምሌ የዚያን ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ይሰጣል፣ እንዲያውም ከሀምቡርግ ኦገስት ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ሰዎች ያስገጥማሉ ማለታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ቤቶች በብርዱ ወራት ውሃቸውን የሚያሞቁት በጋዝ ወይም በሌላ ማሞቂያ ነው፣ ሶላሩ የሚያገለግላቸው በዋናነት ብርዱ በሌለባቸው ወራት ነው። ፀሐይ በሞላበት በእስራኤል እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት የሶላር ማሞቂያ እንዲኖረው ሕግ በሚያስገድድበት አገር፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉት ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ኤለመንት አለው፤ በዝናቡ ወራትም ማብሪያውን ይጫኑታል። ረዳት ማስፈለጉ የሶላሩ ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤትዎ ሒሳብ እንግባ። አንድ ሰው ለመታጠብ 40 ሊትር በ39 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይበቃዋል እንበል፤ ከሮቶው የሚወርደው ውሃ 16 ዲግሪ ቢሆን፣ ያን ለማሞቅ 1 ኪሎዋት ሰዓት ከትንሽ ትርፍ ጋር ያስፈልጋል። አምስት ሰው በየቀኑ ቢታጠብ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው 200 ሊትር የሚይዝ ባለ 20 ቱቦ ማሞቂያ (በፍሬም ላይ የተደረደሩ ባለ ሁለት ግድግዳ የመስታወት ቱቦዎች፣ ከላያቸውም የውሃ ታንከር ያለው) ብርሃን የሚቀበልበት ስፋት 1.9 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሚያርፍበት ጉልበት ግማሹን ወደ ውሃው ያስገባል ብንል (ሌሊት የሚባክነውን ጨምሬ ነው ግማሽ ያልኩት)፣ በበጋ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሐምሌ ደግሞ 4 ያህል ይሰጣል። እንግዲህ በበጋ ሁሉም ታጥቦ ይተርፋል፤ በሐምሌ በአማካይ ቀን 200ው ሊትር ከ16 ወደ 33 ዲግሪ ይደርሳል። 33 ዲግሪ ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ሰው ሻወር ከፍቶ እጁን ሲዘረጋ «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ጎረቤትዎ ክረምቱን ሙሉ የታጠቡት ምናልባት በዚህ ውሃ ነው። ነገር ግን ያ ውሃ ለመታጠቢያ ከሚፈለገው ሙቀት ሦስት አራተኛውን መንገድ ሄዷል፤ ያን የሄደውን መንገድ ኤሌክትሪክ አልከፈለበትም።

በደመናማ ቀን ቱቦዎቹ ምን እንደሚሠሩ በዓይን ለማየት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ሰው አያምንም። ደንበኞቼን አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ይዤ እወጣለሁ። ጉም ባለበት ጠዋት የቱቦው ውጫዊ መስታወት ሲነካ እንደ ማንኛውም መስኮት ቀዝቃዛ ነው፣ ጠልም ይዞ ይገኛል። የታንከሩን የመሞከሪያ ቀዳዳ ከፍቼ ቴርሞሜትር ስከት ግን ትናንት የሞቀው ውሃ 40 ዲግሪ ላይ ያድራል። በሁለቱ የመስታወት ግድግዳዎች መካከል አየር ስለሌለ፣ ልክ እንደ ቡና ፔርሙስ፣ የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ አይወጣም። የቱቦው ጫፍ ላይ ብር የመሰለ ክብ ምልክት አለ፤ ያ ምልክት ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ከደፈረሰ አየር ገብቷል፣ ቱቦውም ተራ ጠርሙስ ሆኗል ማለት ነው። ሲገዙ ካርቶኑን አስከፍተው ሃያውንም ጫፍ ይመልከቱ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለእናንተ ሰፈር ብርድና ንፋስ ከጠፍጣፋው የመዳብ ፓነል ይልቅ ቱቦውን የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠፍጣፋው ዕድሜው ረጅም፣ ጥገናውም ቀላል ቢሆንም ውጭው በቀዘቀዘና ብርሃኑ በሳሳ መጠን የሰበሰበውን መልሶ ያጣል። በደብረ ብርሃን ላሉ ጠያቂዎች ደግሞ ይህ ምርጫ የበለጠ ግድ ይሆናል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ በጠፍጣፋው ፓነል ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሊሰነጥቅ ይችላልና።

ዋናው ነገር ግን ዘንበልታው ነው፤ በእኔ ግምት የአዲስ አበባ ማሞቂያዎች ከሚታሙበት ጥፋት ትልቁ እዚህ ላይ ይገኛል። አብዛኞቹ ፍሬሞች የሚመጡት ከቻይና ሲሆን፣ የተቀረጹትም ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ዝቅ ብላ ለምትታይባቸው ከተሞች ነው፤ ስለዚህ 45 ዲግሪ ያህል ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትገኘው። በሐምሌ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቱቦ ፀሐይዋን በጎን ነው የሚያያት፤ ከቀጥተኛው ጨረር የሚደርሰው ከመቶ 54 ያህሉ ብቻ ነው። ያው ቱቦ በ15 ዲግሪ ቢተኛ 89 በመቶ ይደርሰዋል። ከመላው ሰማይ የሚበተነውን ብርሃንም ቢሆን ቀጥ ብሎ የቆመው 85 በመቶ፣ የተኛው 98 በመቶ ያያል። ደመና በበዛ መጠን ብርሃኑ የሚመጣው ከሰማዩ ሁሉ ነውና፣ ለደመናማ ወቅት ወደ ሰማይ የተንጋለለ ማሞቂያ ይሻላል። ከ15 ዲግሪ በታች ግን አላስተኛም፤ የሞቀው ውሃ በራሱ ቀሎ ወደ ታንከሩ እንዲወጣ የተወሰነ ዳገት ይፈልጋል።

አቅጣጫውንም በተመለከተ «ወደ ደቡብ» የሚለው መመሪያ ለእኛ እንደ ሃይማኖት ሊያዝ አይገባም። የአዲስ አበባን ክረምት ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ጠዋት ላይ ሰማዩ ገለጥ ይላል፣ ዝናቡ በአብዛኛው የሚጥለው ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ነው። የክረምቱን ጉልበት የምንለቅመው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ቦታው ከፈቀደ ከደቡብ ይልቅ ወደ ምሥራቅ አዙሬ እገጥማለሁ፤ በዝቅተኛ ዘንበልታ በበጋው ወራት የሚጎድለው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የእናንተ ቤት እንጦጦን ከኋላው አድርጎ ስለሚቆም ተራራው በሰሜን በኩል ብዙ አይጋርዳችሁም፤ የሚያሰጋኝ በምሥራቅ በኩል ያለ ባሕር ዛፍ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ወጥተው ጥላው የት እንደሚያርፍ ይዩ።

ወደ ቦይለሩ ልመለስ። ሻጮች ብዙውን ጊዜ «ሶላሩ የራሱ ኤለመንት አለው፤ ደመና ሲሆን ማብራት ብቻ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ኤለመንቱ የሚያሞቀው 200ውን ሊትር ሁሉ ነው። ከ16 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 1.5 ኪሎዋት ያለው ኤለመንት ስድስት ሰዓት ይቆይበታል። አንድ ጊዜ «ሶላር ካስገጠምን ወዲህ የመብራት ሒሳባችን ጨመረ» የሚል አቤቱታ ሰምቼ የሄድኩበት ቤት ነበር። ማብሪያው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በርቶ፣ ቀይ መብራቱም ላዩ ላይ ፎጣ ተሰቅሎበት አገኘሁት፤ ከገጠሙበት ቀን ጀምሮ አላጠፉትም። ታንከሩ ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሞቆ ስለሚያድር ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የምታሞቀው ቀዝቃዛ ውሃ አልነበራትም።

ስለዚህ ያላችሁን ቦይለር አትንቀሉ፤ ከሶላሩ የሚወርደው ውሃ በእሱ በኩል አልፎ ወደ ሻወሩ እንዲሄድ በተከታታይ ይቀጠል። በሐምሌ ከሶላሩ 33 ዲግሪ ሆኖ የሚገባውን ውሃ 50 ሊትሩ ቦይለር ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከ16 ዲግሪ ቢነሣ ግን 2.6 ይጠይቅ ነበር። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቀናት ከቆዩ ሊራቡ የሚችሉ፣ ሳንባን የሚያጠቁ ተሕዋስያንም በዚህ ሙቀት ይሞታሉ። በበጋ ደግሞ ከሶላሩ የሚመጣው ውሃ በጣም ሊሞቅ ስለሚችል ወደ ቦይለሩ መግባት የለበትም፤ በሁለት ቫልቭ የሚዘጋና የሚከፈት ማለፊያ መስመር ይሠራለት፣ መስቀል ሲያልፍ ቦይለሩን ዘግተው በማለፊያው ይጠቀሙ፣ ክረምቱ ሲገባ መልሰው ይክፈቱት። በዚያ ወቅትም ቦይለሩ የሚበራው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ የምትሠራውን ሠርታ ከጨረሰች ወዲያ ይሁን። ቤተሰቡ ማታ የሚታጠብ ከሆነ ደግሞ ያው ሶላር በጠዋት ከሚታጠብ ቤት የተሻለ ያገለግላል፣ ሌሊት የሚባክነው ሙቀት ይቀንሳልና።

በከተማችን ከደመናው ይልቅ ቱቦ የሚሰብረው የውሃ ፈረቃ ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ ታንከሩም ከተሟጠጠ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ በፀሐዩ እየፈላ ይተናል፤ የላይኛው ክፍላቸው ሲደርቅ የመስታወቱ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሰዓት ውሃ መጥቶ 16 ዲግሪው ሲገባበት መስታወቱ ጯ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ድምፁን አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ለሶላሩ የሚሄደውን መስመር ከሮቶው ሥር ያውጡት፤ ለወጥ ቤት፣ ለመጸዳጃና ለሌላው የሚሄደውን ደግሞ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ያውጡት። ቤቱ ውሃ ሲያልቅበት ለሶላሩ የሚሆን መጠባበቂያ ይቀራል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ውሃ ከጠፋ ቱቦዎቹን በሸራ መሸፈን ይበቃል፤ ውሃው ሲመለስም በጠዋት ወይም በምሽት ይሙሉት። ከአቃቂ በኩል የጉድጓድ ውሃ ለሚያገኙ ቤቶች የሚታሰብ ሌላ ነገርም አለ፤ ማዕድኑ በቱቦው ሥር ነጭ ዝቃጭ ስለሚያከማች በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

በጥርና በየካቲት ችግሩ ይገለበጣል። በከተማችን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቤተሰቡ ለበዓል አገር ቤት ሄዶ ውሃው ሳይቀዳ ከሰነበተ ታንከሩ ያን ሊደርስበት ይችላል። የታንከሩን የእንፋሎት መውጫ ቱቦ «ውሃ ያንጠባጥባል» ብለው የደፈኑ የቧንቧ ሠራተኞች አጋጥመውኛል፤ ይህ ታንከር የሚያፈነዳ ስሕተት ነው። ሕፃናት ካሉ ከሻወሩ በፊት ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚያመጣጥን ቫልቭ ይግጠሙ።

ስለ ዋጋው፣ ገበያው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር ከመጻፍ ስሌቱን ላሳይዎ። ለአምስታችሁ መታጠቢያ በዓመት 1,970 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። በበጋው ዘጠኝ ወር 90 በመቶውን፣ በክረምቱ ሦስት ወር ደግሞ 60 በመቶውን ሶላሩ ይሸፍናል ብዬ ስወስድ (ሁሉም ቀን አማካይ ስላልሆነ ቆጥቤ ነው የወሰድኩት) በዓመት የሚተርፈው ወደ 1,600 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን በመብራት ደረሰኝዎ ላይ በሚያገኙት የመጨረሻው እርከን ዋጋ ያባዙት፤ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ ሶላሩ የሚቀንስልዎ ከውዱ በኩል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መደረጉንም ያስቡ፤ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ይዞ መወሰን ያሳስታል። እኔ የማሞቂያውን ዕድሜ 10 ዓመት አድርጌ ነው የማሰላው፤ ጠቅላላ ወጪው፣ መግጠሚያውንና ቧንቧውን ጨምሮ፣ በአምስት ዓመት ቁጠባ ከተመለሰ ያዋጣል እላለሁ። መብራት በጠፋበት ምሽት ሙቅ ውሃ ማግኘትን በሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁም፤ ዋጋውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ለሚኖር ሰው ግን ይህን አልመክርም፤ በቀን 80 ሊትር ለሚጠቀም ቤት ትንሽ ቦይለር ይበቃዋል። ለተከራይም፣ ጣሪያው የጋራ በሆነበት ኮንዶሚኒየም መሐል ፎቅ ላይ ለሚኖርም እንዲሁ።

የቀረው ክብደቱ ነው። 200 ሊትር በታንከሩ፣ 60 ሊትር ያህል በቱቦዎቹ ውስጥ፣ ብረቱና መስታወቱ ሲጨመርበት ከ300 ኪሎ በላይ ይሆናል። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ በተመታ ቆርቆሮ ላይ ይህን አያስቀምጡ፤ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ከሌላችሁ ሮቶው ከቆመበት የብረት ማማ ጎን ሌላ ማቆሚያ ይሠራለት፣ የታንከሩ አናት ከሮቶው ሥር ዝቅ ማለቱን ብቻ ያረጋግጡ። የጎረቤትዎን ማሞቂያ በተመለከተ፣ ከመንገድ ሆነው እንኳ ፍሬሙ ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደቆመ ማየት ይችላሉ፤ 45 ዲግሪ ከሆነ የኋላ እግሮቹን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ለአንድ ብየዳ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ታንከሩና ቱቦዎቹ ባዶ ሆነው፣ በማለዳ ይሠራ።